ስልክ የማይጨርሰው ጉዳይ

ባል ቻታኑጋ፣ ቴነሲ፣ የከባድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሆኖ ይደውላል። ጭነቱን አራግፏል፣ ቡናውን ይዟል፣ ቀጣዩን ሥራ ይጠብቃል። ሚስት ታከር፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ ከላቪስታ መንገድ ገባ ባለ ቤት ሳሎን ጥግ፣ ሁለት ስክሪን ፊት ለፊቷ ገትራ ተቀምጣለች። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለሆነ እኛም እንሰማለን።

«ምን አገኘሽልኝ?»

«ከዳልተን ምንጣፍ ጭኖ ፎረስት ፓርክ የሚያደርስ አለ። ዋጋው ግን አይረባም። ቆይ ልከራከራቸው።»

«ባዶዬን ከምመለስ ይሻላል እኮ።»

«ቆይ አልኩህ! ስንት ሰዓት ቀረህ?»

«አራት ሰዓት ከምናምን።»

ይህ «ስንት ሰዓት ቀረህ» የሚለው ጥያቄ ሕግ አለው። ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አብዛኞቹ የረጅም መንገድ ከባድ መኪኖች የሾፌሩን የሥራ ሰዓት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የመመዝገብ ግዴታ አለባቸው። ሾፌሩ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም። መሣሪያው ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ይቆጥራል፣ ቆጠራው ሾፌሩ ፊት በተሰቀለ ታብሌት ወይም ስልክ ላይ ይታያል። ሚስትም ያንኑ ቁጥር ታከር ሆና ታያለች። በግራ ስክሪኗ ጭነት የሚለጠፍበት ገበያ ተከፍቷል፣ በቀኝ ካርታውና የደላላው ኢሜይል። አንድ ጥግ ላይ የሂሳብ ሠንጠረዥ አለ፤ ማይሉ፣ የነዳጁ ዋጋ፣ ለማይል የሚደርሰው ብር።

ስልኳ ላይም እኮ አፑ አለ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። «አፑማ አለ። ሱቅ ስሄድ በሱ ነው የማየው። ግን አንዱን ስከፍት ሌላው ይጠፋብኛል። ደላላው መስመር ላይ እየጠበቀኝ ካርታ ፍለጋ ልግባ? እስክመለስ ጭነቱን ሌላ ወስዶታል።»

ኮምፒዩተር ወይስ ስልክ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ካሜራና ስለ ዋጋ ይደረጋል። ዛሬ የሚሸጥ ደህና ስልክ ከብዙ አሮጌ ኮምፒዩተር ይፈጥናል፣ ስለዚህ በዚያ መከራከር ትርፍ የለውም። የዚህች ሴት መልስ ወደ እውነተኛው ልዩነት ይወስደናል፤ አንድ ጉዳይ ለመጨረስ ስንት ነገር ባንዴ ማየት ያስፈልጋል? አንድ ከሆነ ስልክ ይበቃል። ሦስትና አራት ከሆነ ጠረጴዛ ያስፈልጋል።

ባል በበኩሉ መኪናው ውስጥ ኮምፒዩተር ማየት አይፈልግም። ያራገፈበትን የተፈረመ የጭነት ወረቀት በስልኩ ካሜራ ያነሳል፣ አፑ ጠርዙን ቆርጦ፣ ጥላውን አጥፍቶ፣ ፒዲኤፍ ያደርገዋል። ቀድሞ ይህን ለማድረግ ፋክስ ያለበት ማደያ መፈለግ ነበረበት። ወረቀቱ ታከር ሲደርስ ሚስት ደረሰኝ ታዘጋጃለች። በየሩብ ዓመቱም፣ እስከ አፕሪል 30፣ ጁላይ 31፣ ኦክቶበር 31 እና ጃንዋሪ 31፣ መኪናው በእያንዳንዱ ስቴት ስንት ማይል እንደሄደና ስንት ጋሎን እንደቀዳ ተደምሮ የነዳጅ ታክስ ሪፖርት ይቀርባል። የሦስት ወር ደረሰኝ በአውራ ጣት የሚደምር ሰው ካለ ባውቀው ደስ ይለኛል።

ባልና ሚስቱ የሚኖሩባት ታከር ከአትላንታ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ 285 የሚባለውን ቀለበት መንገድ ተንተርሳ ያለች የዲካልብ ካውንቲ ከተማ ናት። በ1892 በባቡር ሐዲድ ዳር ተመሠረተች፣ የራሷ አስተዳደር ያላት ከተማ የሆነችው ግን በ2016 ነው። ከጎኗ ክላርክስተን አለች፣ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ስደተኞች ለአሥርት ዓመታት ሲሰፍሩባት የኖረች። ወዲያ ስቶን ማውንቴን። ሐበሻው በእነዚህ ሦስቱ መካከል ይንቀሳቀሳል፤ ቅዳሜ ጎመንና ዝንጅብል ከዲካልብ ፋርመርስ ማርኬት ይገዛል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። ከሜይ 2023 ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአትላንታ አዲስ አበባ ይበራል። በሻንጣው የሚሄደው ስልክ ነው፤ ዴስክቶፕ ተሸክሞ የሚሄድ አላየሁም።

ዓለምም ወደ ስልክ ካደላ ቆይቷል። የድረ ገጽ አጠቃቀምን የሚከታተለው ስታትካውንተር በኦክቶበር 2016 ስልክና ታብሌት ተደምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒዩተርን እንደበለጡ መዝግቧል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አሜሪካዊው ከኮምፒዩተር ወደ ስልክ ተሻገረ። ከእኛ ብዙው ኮምፒዩተሩን ሳይነካ በቀጥታ ስልክ ላይ ወጣ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ነው። ኮምፒዩተር ሲባል ትዝ የሚለን በደቂቃ የሚከፈልበት ኢንተርኔት ቤት፣ ወይም ቀበሌና ፍርድ ቤት በር ላይ ያለው «ኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» ነው። እዚያ ደግሞ ኪቦርዱን የምትነካው ጸሐፊዋ ናት። ባለጉዳዩ ከኋላዋ ቆሞ ይነግራታል፣ እሷ ትተይባለች፣ እሱ ከፍሎ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ከዚያ ስልኩ መጣ። በሜይ 2021 ቴሌብር ሥራ ጀመረ፣ በቀጣዩ ዓመት ሳፋሪኮም ገባ፤ መብራትና የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የታክሲ ጥሪ፣ ለእናት የሚላክ ገንዘብ ሁሉ እጅ ላይ ገባ። መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ የሠራኸውን ይዞ ይጠፋል፣ ስልክ ግን ይቀጥላል። ለአዲስ አበባ ወይም ለባሕር ዳር ነዋሪ ስልክ ማስቀደም ብልህነት ነው፣ ማንም ስንፍና አይበለው። ችግሩ ያ ልማድ ውቅያኖስ ተሻግሮ ታከር ሲደርስ ነው። እዚህ መንግሥቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ታክስ ሰብሳቢውም ሰውየው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንደሚሞላ አስቦ ነው ፎርሙን ያዘጋጀው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ታከር ባለው ኮፈር ላይብረሪ ነው። አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ስልካቸውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ይታገላሉ። የዜግነት ማመልከቻ ነው፤ ኤን-400 የሚባለው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ይሸሸኛል። ሳጥኑን ስነካው ኪቦርዱ ብቅ ይልና ጥያቄውን ይሸፍንብኛል።»

ማመልከቻው ላለፉት አምስት ዓመታት የኖሩበትን አድራሻ ሁሉ፣ የሠሩበትን ቦታ ሁሉ፣ ከአገር የወጡበትንና የተመለሱበትን ቀን ይጠይቃል። ፓስፖርት ገልጦ ማኅተም ማየት፣ የድሮ የቤት ኪራይ ውል ማውጣት፣ ቀን ማመሳከር ያስፈልጋል። ከአፕሪል 2024 ወዲህ በወጣው ተመን በኢንተርኔት የሚያመለክት 710 ዶላር ይከፍላል፣ በወረቀት የሚልክ 760። ስለዚህ በኢንተርኔት መሙላቱ ሃምሳ ዶላር ያተርፋል። ላይብረሪው ውስጥ ባለው ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጥናቸው፣ ፊደሉን አተለቅንላቸው።

«ኢሜይልዎን ያስገቡ፣ እማማ።»

«እሱ ያ ስልኬን የከፈተልኝ ልጅ ጋ ነው።»

«ልጁ የት ነው?»

«ዳላስ ገባ መሰለኝ።»

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፣ ትክክልም ናቸው። ኢሜይሉ ከሌለ መለያው የለም፣ መለያው ከሌለ የጣት አሻራ ቀጠሮው፣ የቃለ መጠይቁ ደብዳቤ፣ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ የሚለው ማስታወቂያ መምጣቱ በኢሜይል የሚነገረው ዳላስ ላለ ጎረምሳ ነው። ስልክ ብቻ ያለው ሰው ረጅም ፎርም ሲገጥመው ሰው ይለምናል፤ የለመነው ሰው ደግሞ የጉዳዩን ቁልፍ ይዞ ይሄዳል። የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቷ ጸሐፊ ቢያንስ ወረቀቱን ትሰጥህ ነበር።

ዲቪም እንዲሁ ነው የኖረው። ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ዲቪ በፖስታ መላኩ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። ፎርሙ ከተከፈተ በኋላ ለመጨረስ 60 ደቂቃ ይሰጥ ነበር፣ ግማሹን አስቀምጦ መመለስ አልነበረም። ፎቶው ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል የሆነ አራት ማዕዘን፣ ክብደቱም ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን ነበረበት። በዚህ ምክንያት ነው አገር ቤት በየመንደሩ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ የነበረው። የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ፣ ዕጣው ሲወጣ ገንዘብ ካልከፈላችሁ አልሰጥም የሚል ፎርም ሞይ እንዳለ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። በሰው ማስሞላት የቤተሰብን ዕጣ ሰው እጅ ጥሎ መሄድ ነው።

የኡበርና የሊፍት ሾፌር ይህ ሁሉ አይመለከተኝም ሊል ይችላል። ሥራው በስልክ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ደንበኛ የሚጭን የለም። በሃርትስፊልድ-ጃክሰን ኤርፖርት ማቆሚያ ወረፋ የሚጠብቀው ሐበሻ ስልኩ ነው መሥሪያ ቤቱ፤ አንዱን ለሥራ አንዱን ለወሬ የያዘም ብዙ ነው። ግን ፌብሩዋሪ ሲመጣ 1099 የሚባለው የገቢ ፎርም ይደርሳል፣ ያኔ ነገር ይለወጣል። ለራሱ የሚሠራ ሾፌር ለሥራ የነዳውን ማይል ከገቢው መቀነስ ይችላል፤ ለ2025 የተፈቀደው በማይል 70 ሳንቲም ነው። ሰላሳ ሺህ ማይል የነዳ ሰው 21,000 ዶላር ከሚታክሰው ገቢ ላይ ያወርዳል ማለት ነው። አፑ የሚነግረው ግን ተከፍቶ ሳለ የተነዳውን ብቻ ነው። አፑን ዘግቶ ለሥራ የነዳው ማይል በራሱ መዝገብ ካልተያዘ ይቀራል። መመዝገቡን ስልክ ላይ በየቀኑ ማድረግ ይሻላል። በዓመቱ መጨረሻ ከኡበሩ፣ ከሊፍቱና ከነዳጅ ካርዱ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማስታረቁ የትልቅ ስክሪን ሥራ ነው። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ይህን አያደርግላችሁም፣ የሰጣችሁትን ቁጥር ነው የሚጽፈው።

ልጆቹስ? ብዙ ወላጅ ለልጁ አይፎን ሲገዛ ኮምፒዩተርም የገዛለት ይመስለዋል። ድርሰት በስልክ የሚጽፍ ልጅ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ያነበበውን ምንጭና የሚጽፈውን ባንዴ ስለማያይ ይገለብጣል። ይህ የእኔ ትዝብት ነው፣ መምህራን ግን ሲስማሙበት ሰምቻለሁ። የማይታበለው ነገር ፈተናው ነው። የኮሌጅ መግቢያው ኤስኤቲ ከማርች 2024 ጀምሮ በአሜሪካ ሙሉ በሙሉ ዲጂታል ሆኗል፤ በላፕቶፕ፣ በታብሌት ወይም ትምህርት ቤት በሚሰጠው ክሮምቡክ ይፈተናሉ፣ በስልክ አይፈቀድም። ትምህርት ቤቱ የሚያውሰው ክሮምቡክ ለቤት ሥራ ይጠቅማል፣ ግን የተቆለፈ ነው፤ የወላጅን ጉዳይ መሥሪያ አይሆንም፣ መጨረሻ ላይም ይመለሳል። በዚያ ላይ ጆርጂያ ውስጥ ከ1993 ጀምሮ በሎተሪ ገንዘብ የሚሰጠው ሆፕ ስኮላርሺፕና የፌዴራሉ የተማሪ ዕርዳታ ማመልከቻ አለ። ወላጅና ልጅ አንድ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ቢሞሉት የሚሻል ነው። ስልክ ላይ ሁለት ሰው ባንዴ አያነብም።

ስለ አማርኛው ካልተናገርኩ ሆዴ አይችልም። ፊደላችን ለዓለም ፊደላት አንድ ወጥ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በሴፕቴምበር 1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ የቁጥር አሰጣጥ ነበረው። ስለዚህ ያኔ የተጻፈ የእድር መተዳደሪያ ደንብ ወይም ቃለ ጉባኤ ዛሬ በስልክ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ግርግር ሆኖ ይወጣል። የድሮውን ፎንት ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ፣ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ ማዳን ይቻላል፤ ስልክ ላይ ይህ ከባድ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ በፍላሽ የተቀመጠ ስንት እንዲህ ያለ ወረቀት አለ! ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 ካወጣ ወዲህ አዲስ ለሚጻፈው ችግር የለም።

አጭር ነገር ለመጻፍ ግን ስልኩ አሸንፏል፣ መካድ አይቻልም። አያት በአማርኛ ቴሌግራም የሚጽፉት ስልክ ስላለ ነው። ጎግል ደግሞ በ2017 በድምፅ የሚጻፍባቸውን ቋንቋዎች ሲጨምር አማርኛን አስገባ። መተየብ የማይወዱ ሰው ይናገራሉ፣ ስልኩ ይጽፋል፤ አንዳንዴ ጉድ ይጽፋል፣ ግን ይጽፋል። ሁለት ገጽ ሲሞላ ነው ጣት የሚደክመው። የእድር ጸሐፊ የሆኑ አንድ ወዳጄ ቃለ ጉባኤውን ስብሰባው ላይ በስልክ በድምፅ ይቀዱና ቤታቸው ገብተው ኮምፒዩተር ላይ ያርሙታል። ሁለቱንም መሣሪያ በየቦታው ያዋለ ብልህ ሰው።

ደኅንነትን በተመለከተ የሚገርመው፣ ከአሮጌ ኮምፒዩተር ይልቅ ስልክ ለባንክ ሥራ የተሻለ መሆኑ ነው። ስልክ ላይ እያንዳንዱ አፕ በየክፍሉ ታጥሮ ነው የሚሠራው፣ አንዱ የሌላውን ጓዳ አያይም። አሮጌ ዊንዶውስ ላይ የገባ ቫይረስ ግን ቤቱን ሁሉ ይዞራል። የስልክ አደጋው ሌላ ነው። የሁሉም ነገር ማረጋገጫ ኮድ እዚያው ስለሚመጣ፣ ስልኩ የጠፋ ቀን ባንኩም ኢሜይሉም አብረው ይዘጋሉ። ከሌባም ሌላ «የመጣልህን ኮድ ላክልኝ» የሚለው አጭበርባሪ አለ፤ የስንቱ ወገናችን ቴሌግራምና ዋትስአፕ በዚህ እንደተነጠቀ ቁጥር የለውም። ኢሜይላችሁ የሚሰጣችሁን መጠባበቂያ ኮዶች አትማችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡ።

ወደ ግዢው እንምጣ። ፍርዴ ይህ ነው፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ላፕቶፕ መግዛት አያስፈልግም፣ ለቤቱ አንድ ዴስክቶፕ ይበቃል። ሳሎን ይቀመጥ፣ ሁሉም ይጠቀምበት። ከስልክ ጋር መወዳደር የለበትም፣ ስልክ የማይጨርሰውን ይጨርስ። ላፕቶፕ የሚያስፈልገው ኮሌጅ ለሚመላለስ ልጅ ነው፤ ለምሳሌ ክላርክስተን ባለው የጆርጂያ ስቴት ፔሪሜትር ኮሌጅ ግቢ ለሚማር። ከመሥሪያ ቤቶች የወጡና ታድሰው የሚሸጡ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር የሚባሉት ለዓመታት የሚያገለግሉ ናቸው፣ ዋጋቸውም አይፎን 16 ሲወጣ ከተጠየቀበት 799 ዶላር በብዙ ያነሰ ነው። ዱሉዝ ያለውን ማይክሮ ሴንተር መጎብኘት ክፋት የለውም።

ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ የኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ «ርካሽ ነው፣ ይሠራል» ተብሎ በየፌስቡክ ገበያው የሚሸጠው አሮጌ ኮምፒዩተር ብዙው ወደ ፊት የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ነው። ሻጩን ትውልዱን ጠይቁት። አያውቅም ካለ አትግዙ። ሜሞሪው ቢያንስ 8፣ ቢቻል 16 ጊጋባይት፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ ይሁን። ስልክም ሲገዛ ይኸው ጥያቄ ነው፤ ጎግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለዋና ስልኮቻቸው የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል፣ ርካሾቹ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ያጠረ ዕድሜ ነው ያላቸው። ፕሪንተር የመግዛት ፍላጎታችሁን ግን ግቱት። ቀለሙ የሚደርቅበት ማሽን ላይ ገንዘብ ከማውጣት በዓመት ጥቂት ጊዜ ላይብረሪ ማተም ይረክሳል።

መግዛት ለማይችል ደግሞ የዲካልብ ካውንቲ የላይብረሪ ካርድ ለነዋሪ በነፃ ነው፣ ኮምፒዩተሩም አብሮ አለ። የግል ጉዳይ ከሠራችሁበት በኋላ ግን መውጣታችሁን፣ ፓስዎርዱም አለመቀመጡን አረጋግጡ።

ሰው እንዲሞላላችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ሁላችንም ጠይቀናል። ብቻ ከመጀመሩ በፊት ኢሜይሉ የራሳችሁ ስልክ ላይ መከፈቱን፣ ፓስዎርዱም በእጃችሁ መጻፉን እዩ። ከጨረሰ በኋላ ማረጋገጫ ቁጥሩንና የተሞላውን ፎርም ኮፒ ሳትቀበሉ ከወንበሩ እንዳይነሳ።